የአባባ ሁለት በሮች

ለምወድሽ እህቴ ለታያ፣

በእኛና በእናንተ መካከል የዘጠኝ ሰዓት ልዩነት ስላለ እኔ ከእንቅልፌ ስነሣ አንቺ ቀኑን አጋምሰሽዋል፤ ስለዚህ እንደምን አደርሽም፣ እንደምን ዋልሽም፣ እንደምን አመሸሽም እልሻለሁ፤ ደብዳቤው በደረሰሽ ሰዓት የሚስማማውን ውሰጂ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ሳል ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ከእንቅልፍሽ ያስነሣሻል? ባለቤትሽ ቲኮን ከባሕር ተመለሰ? ቫሪያ የፊት ጥርሷ ወለቀ ብለሽ ነበር፤ አዲሱ ብቅ አለላት? አማትሽስ ጉልበታቸው እንዴት ሆነላቸው? ባለፈው ሳምንት እናንተ ጋ፣ ካምቻትካ፣ መሬት ተንቀጠቀጠ ብሎ ሬዲዮ ሲናገር እማማ የያዘችው ማንኪያ ከእጇ ወደቀ። ቀጥሎ የተጎዳ ሰው የለም ሲሉ ማንኪያውን አንሥታ ምንም እንዳልሆነ ሾርባዋን ማማሰል ቀጠለች።

እኛ እንዳየሽን ነን ልልሽ አልችልም። እማማ ትበላለች፣ ሥራዋን ትሄዳለች፣ ተመልሳ ትመጣለች። ደህና ናት ብል ግን ዋሸሁሽ። የአባባ ካፖርት እስካሁን ከመስቀያው አልወረደም፤ እኔም ላወርደው አልደፈርኩም። በትምህርቴ ሒሳብና ፊዚክስ ላይ ደህና ነኝ፣ ሌላው ወርዷል። አስተማሪዎቹ እያወቁ አይናገሩኝም፤ ያ ደግሞ ከመናገራቸው የባሰ ነው።

ደብዳቤሽ የደረሰን ባለፈው ማክሰኞ ነው። ለቀብሩ በረዶው አውሮፕላን አላስነሣ ብሎ በመቅረትሽ እስካሁን ራስሽን እንደምትወቅሺ ጽፈሻል፤ ተዪው፤ ማንም አልወቀሰሽም። በመጨረሻም «የአባባ በሮች ጸደቁ ወይ? ሌላ የሚያጽናናኝ ነገር የለምና ይህን ብቻ ቶሎ ጻፍልኝ» ብለሻል። አምስት ቀን ብዕር አንሥቼ አስቀመጥኩ። ታያ፣ በሮቹ አልጸደቁም። እንዲወድቁ ያደረግኩትም እኔ ነኝ። ሌላ ሰው በሌላ መንገድ ሳይነግርሽ ነገሩን ከሥሩ ልጻፍልሽ። ድሮ ቢሆን እንዲህ ያለ ነገር በደብዳቤ አይጻፍም ነበር፤ ዛሬ ደብዳቤ የሚከፍት ሰው ያለም አይመስለኝም።

እማማ በቴሌግራም ስለ አባባ የነገረችሽ ግማሹን ነው። «ሥራ ላይ እያለ ልቡ ቆመ» ብላሻለች፤ እውነት ነው። የሞተው ግን ጠረጴዛው ላይ አይደለም፤ በእንጨቱ ጣቢያ ውስጥ ነው። እንደምታውቂው ለአዲሱ የጠፈር ጣቢያ ብረት ከመቆረጡ በፊት ጣቢያውን በሙሉ መጠኑ በእንጨትና በስስ ጣውላ ወርክሾፑ ውስጥ ይሠሩታል። ከዚያ ንድፉን ያወጣው ሰው ራሱ ገብቶ ይኖርበታል፤ ይበላበታል፣ ይተኛበታል፣ ክርኑና ራሱ የሚጋጭበትን ቦታ ሁሉ ይመዘግባል። አባባ ምሳውን ከበላ በኋላ ወደ ግራው የመኝታ ክፍል ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ ግማሽ ሰዓት ማረፍ ልማዱ ነበር። ያን ቀን ግማሽ ሰዓቱም አለፈ፣ ሁለት ሰዓትም አለፈ። ጣቢያውን በእጃቸው የሠሩት አናጢው አጎቴ የፊም ሁለት ጊዜ በበሩ አጠገብ አልፈዋል። አልከፈቱም። የተዘጋ በር ከውጭ አይከፈትም የሚለውን ደንብ ያወጣው አባባ ራሱ ነውና አከበሩለት። የሥራ መውጫ ደወል ሲደወል ከፈቱት፤ ቀዝቅዞ ነበር። ሐኪሙ በአንድ አፍታ ያለቀ ነገር ነው፣ ቢከፈትም አይተርፍም ነበር ብሏል። አጎቴ የፊም ግን ይህ አይገባቸውም። «እኔ እኮ እንቅልፍ ነው ብዬ መዶሻዬን ቀስ አድርጌ ነበር የምመታው» እያሉ ለሰው ሁሉ ይናገራሉ።

አባባ ስለ በር ለምን እንዲያ ክፉኛ ይከራከር እንደነበር ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ፤ የጋራ መኖሪያውን ታሪክ ለአንቺ ነው አብዝቶ የነገረሽ። አሥራ ዘጠኝ ሰው በአንድ አዳራሽ፣ በቤተሰብና በቤተሰብ መካከል አንድ የተንጠለጠለ ብርድ ልብስ። የአያታችን ባል ከጦር ሜዳ እንደማይመለስ የሚናገረው ወረቀት ሲመጣ አያታችን የምታለቅስበት ቦታ አጥታ ጨርቁን በአፏ ነክሳ ቆመች፤ በብርድ ልብሱ ማዶ ደግሞ ጎረቤቶቹ ካርታ መጫወታቸውን አቆሙ። አባባ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ካርታው ጸጥ ማለቱን ነበር መርሳት ያቃተው። «መጋረጃ ግድግዳ አይደለም። መጋረጃ ማለት ሁሉም እየሰማ እንዳልሰማ የሚያስመስልበት ጨርቅ ነው» ይል ነበር። ስድስት ወር ከምድር ርቆ የሚቆይ ሰው እናቱ ብትሞትበት፣ ሚስቱ ብትተወው፣ ወይም ዝም ብሎ ቢከፋው የሚዘጋው በር ያስፈልገዋል ብሎ አራት ዓመት ተሟገተ።

በዋናነት የሚሟገተው ከቫዲም ሉኪች ጋር ነበር። ቫዲም ሉኪች የውሃ ክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ ጠፈርተኞቹ የተነፈሱትንና ያላቡትን እየሰበሰበ መልሶ የሚያጠጣቸውን መሣሪያ የሚሠሩት እሳቸው ናቸው። ቤታችን መጥተው ዱባ ሲበሉ እንኳ ነገሩን አያቆሙም። «ሮዲዮን፣ እስቲ ንገረኝ፣ እዚያ ላይ ማን ሊያንኳኳ ይመጣል ብለህ ነው በር በር የምትለው?» ይሉታል። አባባም «አንተ ነሃ። አንተን ፈርቼ ነው» ይላል። እማማ ያኔ ትስቅ ነበር።

በመጨረሻ የተስማሙት በቢሮው ልማድ ነው። የጣቢያው ክብደት አንድ ዝርዝር አለው፤ ዝርዝሩ ሞልቷል። ዕቃው ላይ አንድ ግራም መጨመር የፈለገ ሰው ከራሱ ዕቃ አንድ ግራም የሚቀንስለት ባልደረባ መፈለግ አለበት፤ ሁለቱ ተያይተው ይፈርማሉ። ደግሞ የሰጡትን ግራም መልሶ መጠየቅ ትልቅ ነውር ነው፤ ሰውየው በዚያች ግራም ላይ ሥራውን ይገነባባታላ። አባባ ለሁለቱ በሮች የተመደቡትን ሁለት መቀርቀሪያዎችና ሞላዎች፣ ስድስት መቶ ሰማንያ ግራም ናቸው፣ ለቫዲም ሉኪች ፓምፕ ሰጠ፤ እሳቸውም በበሮቹ ላይ ያላቸውን ተቃውሞ አነሡ። አባባ የሰጠው ቸግሮት አልነበረም። በእንጨቱ ጣቢያ ውስጥ በሮቹ ሲለቋቸው በራሳቸው ቀስ ብለው ይዘጉ ነበር። ማጠፊያቸው ብረት ሳይሆን ጎማ የተቀባ ጨርቅ ስለሆነ ጨርቁ ነው ስቦ የሚዘጋቸው ብሎ አመነ። ማጠፊያው ከዘጋቸው ሞላና መቀርቀሪያ ለምን ያስፈልጋል?

አሁን የእኔን ጎጆ አስታውሺ። ባለፈው ስትመጪ ጉልበትሽን የመታሽውን፣ ኮሪደሩ ላይ ያለውን የጣውላ መኝታዬን። የመጀመሪያው የሙከራ ክፍል አራት ጣት ሰፍቶ ተገኝቶ ከወርክሾፑ ሲጣል አባባና አጎቴ የፊም በበረዶ መንሸራተቻ ጎትተው ያመጡልኝ ነው። በሩ ያው ነው፣ ማጠፊያውም ያው ጎማ የተቀባ ጨርቅ። ግን እኛ ቤት በራሱ ተዘግቶ አያውቅም። የተዉት ቦታ ላይ ኮሪደሩን ዘግቶ ይቆማል። አባባ በተጋጨ ቁጥር «ወርክሾፕ ውስጥ እኮ በራሱ ይዘጋል። ይኼን ሕንፃ የሠሩት ሰካራሞች ናቸው፤ ወለሉ ጠማማ ነው» ይል ነበር። እንዲያ ሲል አሥር ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ አሥሩንም ጊዜ አምኜዋለሁ።

አርባው የዋለው ከዓቢይ ጾም በፊት ባለው እሑድ ነበር። እማማ ስስ ቂጣውን ጋገረች፤ በማርና በዘቢብ የተሠራውን ስንዴ ከላይኛው ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን ሠርተው አመጡ። ለአባባ አንድ ብርጭቆ ተቀድቶለት፣ ቁራሽ ዳቦ ተከድኖበት በቦታው ተቀመጠ። ሰው ብዙ ነበር። ያ በር ደግሞ በመጣው ሁሉ ላይ ይጋጫል። ጎረቤታችን ትሪውን ይዘው ሲያልፉ ግንባራቸውን መታቸውና «ነፍሱን ይማረው እንጂ፣ ሮዲዮን ፕላቶኖቪች ዛሬም መንገድ አይለቅም» አሉ። ሰው ፈገግ አለ። እኔ ልዘጋው ሄድኩ፤ ዘግቼው ስመለስ ሌላ ሰው ካፖርቱን ሊያስቀምጥ ከፍቶት እንዲሁ ተወው። አጎቴ የፊም ሁለት ብርጭቆ ጠጥተው ነበር። በሩን በጣታቸው ገፋ አደረጉት፤ በሩ ትንሽ ሄዶ ቆመ። «ምን አደረጋችሁት? ማጠፊያውን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ከአንዱ ጥቅል የተቆረጠ ጨርቅ ነው። እዚያ ይዘጋል፣ እዚህ ይቆማል። የቤት ልጅ ሆኖ ሰነፈ እንጂ» አሉ።

ሰው ሁሉ ስቆ ወደ ጠረጴዛው ዞረ። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። ከአንዱ ጥቅል የተቆረጠ ጨርቅ ከሆነ፣ ልዩነቱ ያለው ወለሉ ላይ ነው። ከሁለቱ ወለሎች የትኛው ነው ጠማማው? አባባ የቤታችንን ወለል ለክቶት ያውቃል? አላውቅም። ያልለካ ይመስለኛል። የወርክሾፑ ወለል የመሥሪያ ቤት ወለል ነው፣ የእኛ ደግሞ የእኛ ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱ የእኛ ሆነ።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ የአባባን ውሃ ልክ ከመሣሪያ ሣጥኑ አውጥቼ ኮሪደሩ ላይ አስቀመጥኩት። አረፋዋ መሀል ቆመች። አዙሬ አስቀመጥኩት፤ መሀል ቆመች። በስድስት ቦታ ለካሁ። ወለላችን እንደ መስታወት ቀጥ ያለ ነው ታያ። ማጠፊያው ምንም አይስብም። ወርክሾፕ ውስጥ በሮቹን የሚዘጋቸው ወለሉ ነበር፤ ሲታጠብ ውሃው ወደ ቦዩ እንዲወርድ ሆን ተብሎ ዘምበል ተደርጎ ነው የተሠራው። የእንጨቱ ጣቢያ አብሮ ዘምበል ብሏል፤ በሮቹም በክብደታቸው ወደ ታች እየወደቁ ነበር የሚዘጉት። ክብደት በሌለበት ግን ታች የሚባል ነገር የለም። እዚያ በሮቹ የተዉአቸው ቦታ ላይ ይቆማሉ፤ ልክ እንደ ኮሪደራችን በር። መቀርቀሪያቸውን ደግሞ አባባ ሰጥቶታል።

ይህ ግንባር መምታት ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ሁለቱ ክፍሎች ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው መተላለፊያ ደግሞ ወደ ምድር የምትመልሳቸው መንኮራኩር ወደተጣበቀችበት መሹለኪያ የሚያደርስ ብቸኛው መንገድ ነው። ሁለቱ በሮች ባንድ ጊዜ ቢከፈቱ መሀል ላይ ይገናኛሉ። አየር ማፍሰስ ቢጀምር፣ መብራት ቢጠፋ፣ ጭስ ቢሆን፣ ሦስት ሰዎች በዚያ መንገድ በደቂቃ ውስጥ ማለፍ አለባቸው። ንድፉን ከአባባ ጋር ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ዓይኔን ስጨፍን ይታየኛል።

ዘጠኝ ቀን ዝም አልኩ። ይህን ለአንቺ መጻፉ ከሁሉ ይከብደኛል። አባባ ተሳሳተ የሚል ወረቀት እንዲጻፍ አልፈለግኩም። አራት ዓመት የተሟገተለት ነገር በእኔ አፍ እንዲጠፋ አልፈለግኩም። ደግሞም ከቀብሩ ጀምሮ እኔ ራሴ የማለቅሰው ያን በር ዘግቼ ነው፤ እማማ ትሰማ ይሆናል፣ ግን አልታያትም፣ እሷም አትታየኝም። አባባ ያለው ሁሉ እውነት መሆኑን ያወቅኩት በዚያ ጊዜ ነው። ታዲያ ያንኑ በር ከሌላ ሰው ልወስድ? አንድ ሰው ሳልነግረው ራሱ ይደርስበታል እያልኩ ጠበቅኩ። ንድፉን የሚያጸድቀው ኮሚሽን በማርች መጨረሻ ሊሰበሰብ ቀን ተቆርጦ ነበር። ከፈረሙ ብረቱ ይቆረጣል። አስተማሪያችን በክፍል ውስጥ ክብደት አልባነትን ሲያስረዱ እስክሪብቶ በአየር ላይ የተዉ መስለው «የተውከው ቦታ ይቀመጣል» አሉ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ውሃ ልኩን ከቤት አንሥቼ ወጣሁ።

አጎቴ የፊም ቤት ሄድኩ። ሲሰሙኝ ፊታቸው ቀላ። «አባትህ ገና አፈሩ ሳይደርቅ ልትከሰው መጣህ? አሥራ አምስት ዓመትህ ነው፤ እሱ ሠላሳ ዓመት ነው የሠራው። ሂድ የቤት ሥራህን ሥራ» አሉኝ። ውሃ ልኩን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። በማግሥቱ ጠዋት ወርክሾፑ ገና ሳይሞላ ገብተው በእንጨቱ ጣቢያ ሥር አስቀመጡት። ከዚያ ብቻቸውን ዝቅ ያለውን ጎን በሽብልቅ አንሥተው አስተካከሉትና በሮቹን ገፋ አደረጓቸው። ሁለቱም መሀል መንገድ ላይ ተገናኝተው ቆሙ። ማታውኑ ቤት መጥተው ደጅ ላይ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ «ያን ቀን ሳልከፍትለት ቀረሁ። ዛሬ ደግሞ በሩ በራሱ አይዘጋም። እኔን እግዜር በዚህ በር ምን ሊለኝ ነው?» አሉኝ። እማማ ከኩሽና ማነው ስትል «የፊም ነኝ፣ ውሃ ልክ ልመልስ ነው» ብለው ሄዱ።

ከሦስት ቀን በኋላ ሪማ ኦሲፖቭና ነገሩን ከአጎቴ የፊም ሰምተው በትምህርት ቤቱ በር ጠበቁኝ። የአባባ አለቃ ናቸው፤ በቀብሩ ላይ ያለ ኮፍያ የቆሙት ረጅሟ ሴትዮ መሆናቸውን እማማ ጽፋልሽ ይሆናል። በባቡር ሐዲዱ ዳር አብረን ሄድን። መጀመሪያ የጠየቁኝ እራት በልተህ ታድራለህ ወይ ብለው ነው። ከዚያ «ከአንተና ከየፊም ሌላ ማን ያውቃል?» አሉ። ማንም አልኳቸው። «እናትህስ?» አታውቅም አልኳቸው። እሳቸውም «ጥሩ አድርገህ ነው የነገርከን ብል ትጠላኛለህ፤ አልልም» አሉ። እኔም ያሰብኩትን ጠየቅኳቸው፤ የአባባ ስም ወረቀቱ ላይ ባይነሣ፣ ስህተቱ የማንም አይደለም ቢባል። ቆመው አዩኝ። «የማንም ያልሆነ ስህተት የለም ሳቭዬሊ። ንድፉ ላይ ሁለት ፊርማ አለ፤ የሠራው ሰውና ያጣራው ሰው። ያጣራሁት እኔ ነኝ። የሞተ ሰው ደግሞ አይገሠጽም» አሉ። ቀለል አድርገው ስለተናገሩት ደስ አለኝ። ታያ፣ ደስ አለኝ። ምን እንዳሉኝ የገባኝ በኋላ ነው።

ስለ ስብሰባው የነገሩኝ አጎቴ የፊም ናቸው፤ የእንጨቱን ጣቢያ ሊያሳዩ ገብተው ነበር። ሪማ ኦሲፖቭና ተነሥተው «በሮቹ ላይ ስህተት አለ፣ ያጣራሁት እኔ ነኝ፣ ወለሉን መለካት ነበረብኝ፣ አልለካሁም» አሉ። የአባባን ስም አንድ ጊዜም አልጠሩም። ከዚያ ወደ ቫዲም ሉኪች ዞረው ስድስት መቶ ሰማንያዋን ግራም እንዲመልሱላቸው ጠየቁ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ማንም የማይጠይቀውን። ቫዲም ሉኪችም «የሰጠኝ ሮዲዮን ነው። እሱ ቢጠይቀኝ እየተሳደብኩ እመልስለት ነበር» አሉ። ቀጥለውም «ግን ፓምፑ አሁን በዚያች ግራም ላይ ቆሟል። ብቀንሰው አንድ ቀን ይቆምባቸዋል። ውሃ ካጡ እኮ በር ዘግተው የሚያለቅሱበት እንባም አይኖራቸውም» አሉ። ከሌላው ክፍል ግራም የሚሰጥ አልተገኘም። በሮቹ ከዝርዝሩ ወጡ። በቦታቸው የገባው መጋረጃ ነው። የሁለቱ በሮች ክብደት ተረፈና እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሦስት የሥራ ክፍል ተሻማው።

የመኝታ ክፍሎቹ አሉ፣ መስኮቶቻቸውም አሉ፤ አባባ የሣላቸው መደርደሪያዎች ሁሉ አሉ። እማማ ይህን ብቻ ነው የምታውቀው። በሩ የለም። ሰውየው ቢከፋው ጨርቅ ይጎትታል፤ ጓደኞቹ በማዶ ሆነው ጸጥ ይላሉ።

በዚህ አላበቃም። በኤፕሪል መጀመሪያ ሪማ ኦሲፖቭና ጡረታ ወጡ ተባለ። የወጡ አይደሉም፤ አጣራሁ ብለው የፈረሙበትን ንድፍ ያላጣሩ ሰው ናቸው ተብሎ ከክፍሉ ተነሥተው ነው። ዘመኑ ሰው የሚቀነስበት ነው፤ ምክንያት ሲፈለግ ነበር፣ ምክንያት ተገኘ። እማማ ወሬውን ሰምታ «ደግ አደረገች። እንደ ሮዲዮን እዚያው ከመድረቅ ቤቷ ትረፍ» አለች። እኔ ዳቦዬን መቁረሴን ቀጠልኩ። የአባባን ስም አድኑልኝ ብዬ የለመንኩ እኔ፣ ስሙ የዳነበትን ዋጋ የከፈሉት እሳቸው። የሚጠይቃቸው ሰው እንኳ የላቸውም፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት።

ይህን እስከዚህ የጻፍኩት ትናንት ነው። ለአንቺ ብቻ ልኬው ለእማማ ምን ልበላት ብዬ ልጠይቅሽ ነበር። ግን መልስሽ እስኪመጣ ወር ይሞላል፤ ወር ሙሉ ፊቷን እያየሁ መብላት አልችልም። ዛሬ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን የሆሳዕና የአኻያ ዝንጣፊዋን ይዛ ስትመለስ አስቀምጫት ደብዳቤውን ከመጀመሪያው አነበብኩላት። ካፖርቷን አላወለቀችም። የአያታችን ጋ ስደርስ ዓይኗን ጨፈነች። የሪማ ኦሲፖቭና ጋ ስደርስ «እዚያ ጋ ድገመው» አለችኝ፤ ደገምኩት። ስጨርስ «ስድስት መቶ ሰማንያ ግራም» አለች። «አንድ ሳምንት ሙሉ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ግራም አገኘሁ፣ በሮቼ አለፉ እያለ ሲዘፍን ነበር። ውሃ ልኩ ሣጥኑ ውስጥ ነበር።»

ከዚያ ተነሥታ ትናንት የጋገረችውን የጎመን ኬክ በጨርቅ ጠቀለለች፤ ሁለት ሽንኩርትና የማር ጠርሙሱን በቦርሳ አደረገች። የት ነው ስላት «ወደ ሪማ ኦሲፖቭና። ብቻዋን የተቀመጠች ሴት ቤት ባዶ እጅ አይኬድም» አለች። አብሬሽ ልምጣ አልኳት። «አንተ ቅር» አለች። ክፉ ቃል አልነበረም፤ ግን ስትወጣ ፊቴን አላየችም። ከሄደች ሦስት ሰዓት አልፏታል። መስኮቱ ጋ ተቀምጬ ይህን የመጨረሻውን ገጽ እየጻፍኩ የሕንፃውን በር አያለሁ። ስትመለስ ታየኝ ይሆናል፤ ላታየኝም ትችላለች። ሁለቱንም እቀበላለሁ፤ ሦስቱ ጠፈርተኞች ግን በዚያ መንገድ ያልፋሉ። አንቺም ከተቆጣሽ ተቆጥተሽ ጻፊልኝ፤ ዝም ብቻ አትበዪኝ።

ለቲኮን ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ ከባሕር ሲመለስ የአባባን ሞት እንደገና አትንገሪው፣ አንድ ጊዜ መስማት ይበቃዋል። ለአማትሽ ለጉልበታቸው የሚሆን የበግ ፀጉር ካልሲ እማማ እየሠራችላቸው ነው፤ አንዱ አልቋል። ለጎረቤታችሁ ለሬዲዮ ኦፕሬተሩ፣ ያን ሌሊት ቴሌግራማችንን በበረዶ ተሸክሞ ስላመጣልሽ፣ እጁን ጨብጪልኝ። ቫሪያን በሁለቱም ጉንጯ ሳሚልኝ። አያቴ ምን ሠራ ብላ ስትጠይቅሽ ሰው ከምድር ርቆ የሚያድርበትን ክፍል ሠራ በያት፤ በር ነበረው ወይ ካለችሽ ደግሞ እውነቱን ንገሪያት፣ ነበረው፣ ጥሩ በር ነበር፣ መቀርቀሪያ ጎደለው።

ወንድምሽ
ሳቭዬሊ

ፖድሊፕኪ፣ በሞስኮ አቅራቢያ
እሑድ፣ ኤፕሪል 11 ቀን 1993